ዘኪያ ማንበብ የቻለች ዕለት

ዘኪያ ሀሰን ዘንድሮ መስከረም ሲጠባ ሁለት ነገር አቀደች። ማንበብ መማርና ቤቷ ቁጭ ብላ ልብስ መስፋት። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ኮምቦልቻ አጠገብ ተወልዳ፣ ገና ልጅ እግር ሳለች ተድራ መርካቶ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ካለችው ግቢ ወጥታ ሌላ ቦታ አልኖረችም። ባሏ ጠይብ ሸማ ተራ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። የሀበሻ ቀሚስ ለማሰፋት ከሩቅ ሰፈር የሚመጡ ሴቶች በስሙ ጠይቀው ያገኙታል። ንግግሩ የረጋ፣ ሰው የሚያከብረው ሰው ነው። አንድዬ ልጃቸው ናኢማ አግብታ ጦር ኃይሎች አካባቢ መኖር ከጀመረች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባቸው ስለነበር፣ ዘኪያ የዓመቱን ዕቅዷን ስታወጣ ይህንንም ጭርታ መሙላት ፈልጋ ነው።

እንቁጣጣሽ እነሱ ቤት እንደ ዒድ አይከበርም። ቢሆንም የግቢው ጎረቤት ሸዋገነት በዓል በመጣ ቁጥር ድፎዋን ይዛ መምጣቷ አይቀርም። ያን ቀንም መጥታ ስታወጋ፣ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ እናቶችን ማስተማር ሊጀመር መሆኑን ነገረቻቸው። ሸዋገነት ራሷ በልጅነቷ ፊደል ቆጥራ ረስታዋለች፤ ጓደኛ ካገኘች ግን እንደገና ትጀምራለች። ዘኪያ አፍታም ሳታስብ አብሬሽ እሄዳለሁ አለች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞር ብላ፣ ስፌትም ልታስተምረኝ ይገባል አለችው። ጠይብ በስፌቱ ደስ አለው። ሱቁ ጥግ አቧራ የጠጣች፣ በእግር የምትረገጥ አሮጌ የስፌት መኪና እንዳለችው፣ ዘይት ቀባ ቀባ አድርጎ በኩሊ አሸክሞ እንደሚያመጣላት ነገራት። የንባቡ ነገር ሲነሳ ግን የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እኔ አነብልሽ የለም ወይ?» አለ። «በዚህ ዕድሜ ምን ያደክምሻል።»

ማንበቡንስ ያነብላታል። ከተጋቡ ጀምሮ፣ ማታ ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ጠይብ ቁም ሳጥኑ ላይ የሚቀመጠውን አረንጓዴ ሽፋን ያለው ወፍራም መጽሐፍ ያወርዳል። የተጠቀለለበትን ነጭ ጨርቅ ይፈታል። መነጽሩን ያደርጋል። ከዚያ በዚያ በረጋ ድምፁ የነቢያቱን ታሪክ፣ የደጋጎቹን ታሪክ ያወርደዋል። ዩሱፍን ወንድሞቹ ጉድጓድ ሲከቱት ዘኪያ ስንት ጊዜ አልቅሳለች። ከሁሉም አብልጣ የምትወደው ግን ዕድሜዋን ሙሉ ለአንድ ጋቢ የሚሆን ጥጥ ስትፈትል ስለኖረች አንዲት ሴት የሚናገረውን ነበር። ሴቲቱ ጋቢው ተሸምኖላት ለሱልጣኑ ልታበረክት ስትሄድ፣ መንገድ ላይ በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ታገኛለች። ጠይብ እዚህ ቦታ ሲደርስ ሁልጊዜ ቅጠሉን ይገልጥና ትንሽ ዝም ይላል። ዘኪያ መጨረሻውን እያወቀችው ትንፋሿን ትውጣለች።

ያን መጽሐፍ ለሶላት እንደሚታጠቡት ሳትታጠብ፣ ያለ ውዱእ፣ ነክታው አታውቅም። ቤት ስታጸዳ ከነጨርቁ ታነሳዋለች፤ ስታነሳው ትስመዋለች፣ ስትመልሰውም ትስመዋለች። ናኢማ ልጅ ሆና ልትገልጠው ስትንጠራራ በቁጣ እጇን መልሳለች።

ትምህርቱ ተጀመረ። አስተማሪዋ ሩታ የምትባል፣ ናኢማን የምታክል ወጣት ናት፤ ለአንድ ፊደል አሥር ጊዜ ብትጠየቅ የማይሰለቻት። ዘኪያ መጀመሪያ ላይ እርሳሱ እጇ ውስጥ እንደ ሳሙና ያዳልጣት ነበር። ቤት ስትመለስ መኪናዋ ላይ ትቀመጥና እግሯ ሲረግጥ አፏ ሀ ሁ ሂ ይላል። ጠይብ ጠዋት ሱቅ ከመሄዱ በፊት ጨርቅ አስምሮ፣ መቀሱን እንዴት እንደምትይዝ፣ ጠርዙን እንዴት እንደምታጥፍ ያሳያታል። ስፌት ሲያስተምር ትዕግሥቱ ልክ የለውም። የጠመመውን በጥፍሩ ይዞ ይተረትርና «እንደገና» ይላታል፤ ሌላ ነገር አይናገርም።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን ክር ልትገዛ ወጥታ፣ ቀና ስትል «ጅምላና ችርቻሮ» የሚል ታፔላ ዓይኗ ገባ። ልታነበው ብላ አይደለም፤ ራሱ ተነበበላት። ደንግጣ ቆመች። ከኋላዋ ሸክም ያዘለ ሰው መንገድ እንድትለቅ ሲጮህባት ነው ወደ ጎን የዘለለችው። «ፋርማሲ»። «የተለያዩ ዚፖችና ቁልፎች»። «እዚህ መሽናት ክልክል ነው»። ከሠላሳ ዓመት በላይ የተመላለሰችበት መንገድ ድንገት አፍ አውጥቶ ያናግራት ጀመር። ክሩን ሳትገዛ ቤቷ ተመልሳ ለሸዋገነት አወራችላት።

ለጠይብም ነገረችው። እሱ አላህ ይጨምርልሽ አለና እጁን ሊታጠብ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የሚያነበው እያነሰ መጣ። ደከመኝ ይላል። ዓይኔን ያመኛል ይላል። ታኅሣሥ ሲጋመስ ጭራሽ ተወው። ዘኪያ ዓይን ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብትለው ይሻለኛል እያለ አዘገያት። እሷም በልቧ አንድ ነገር አሰበች። ሳትነግረው የፈታይዋን ታሪክ ከመጽሐፉ ላይ ታጠናለች፤ አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ እሱን ቁጭ አድርጋ እሷ ታነብለታለች። ዓይኑን ለሚያመው ባል ከዚህ የተሻለ ምን ይደረጋል።

ጥር ላይ፣ እሱ ሱቅ በሄደበት አንድ ረፋድ፣ ውዱእ አደረገች። መጽሐፉን አወረደች፣ ሳመችው፣ ጨርቁን ፈትታ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ሽፋኑ ላይ የነበረው ጽሕፈት ጠፍቷል። የመጀመሪያውን ቅጠል ገልጣ ጣቷን ከፊደሉ ሥር አደረገች።

የ… እ… ህ… ል…። የእህል። መ… ጋ… ዘ… ን።

ፊቷ በራ። ዩሱፍ ነው። የግብጽን ንጉሥ ሕልም ፈትቶ፣ ለክፉው ቀን እህል ያከማቸው ዩሱፍ፤ ዋናውን ታሪክ መጀመሪያው ላይ ነው ያገኘችው። ጓጉታ ቀጠለች። ቀጥሎ «ነቀዝ» የሚል ቃል መጣ። ከዚያ «አይጥ»። ከዚያ «ጆንያዎቹ ከግድግዳው ፈቀቅ ብለው መደርደር አለባቸው»። ዘኪያ ቆም አለች። ቅጠሉን ገለጠች፤ «እርጥበት»። በርከት አድርጋ ገለጠች፤ «የመጋዘን ጣራ እድሳት»። መሀሉን ገለጠች፣ መጨረሻውን ገለጠች። ዩሱፍ የለም። ሙሳ የለም። ጥጥ የምትፈትል ሴትም የለችም። ከዳር እስከ ዳር ነቀዝ፣ አይጥና ጆንያ ነው።

መጀመሪያ የተጠራጠረችው ራሷን ነው። ማንበብ የቻልኩ መስሎኝ እንጂ አልቻልኩም አለች። ፊደሎቹን አገጣጥማ የራሷን ነገር የምታነብ መሰላት። ምሳ አልበላችም። ሰዓቱ ሲደርስ መጽሐፉን በፌስታል ይዛ ከሸዋገነት ቀድማ ትምህርት ቤት ሄደችና ክፍሉ ሳይሞላ ሩታ ፊት ዘረጋችው። የቱ ጋ እንደምሳሳት አሳዪኝ አለቻትና ከላይ ጀምራ እየተንተባተበች አነበበችላት። ሩታ በዓይኗ ተከተለቻት። ሲያልቅ ሳቅ አለች።

«እትዬ ዘኪያ፣ አንዲትም አልሳቱም» አለቻት። «እህል በመጋዘን እንዴት እንደሚጠበቅ የሚናገር የድሮ የመንግሥት መመሪያ ነው። ከየት አገኙት?»

ዘኪያ ምን ብላ እንደመለሰች ዛሬም አታስታውሰውም። ሸዋገነት ስትደርስ ዘኪያ ፌስታሉን ታቅፋ በአጥሩ ጥግ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። አሞኛል ብላት ሄደች። የሄደችው ግን ወደ ቤቷ አልነበረም። በአውቶቡስ ተራ በኩል ዝም ብላ ተጓዘች። ደላሎቹ «ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ የሞላ» እያሉ ሲጠሩ አጠገባቸው እያለፈች አልሰማቻቸውም። ከዚህ በፊት ተራ ነገር የነበረ ሁሉ አንድ በአንድ ይመጣባት ጀመር። ሐኪም ቤት ሲሄዱ «መነጽሬን ረስቼ»። ቀበሌ ሲጠሩ «መነጽሬን ረስቼ፣ እስቲ አንተ አንብበው ወንድሜ»። የመድኃኒት ወረቀት ሲሰጡት ለፋርማሲው ሰው መልሶ ማሳየቱ። እሷ ዝንጉ ሰው አገባሁ እያለች ስትስቅበት ነው የኖረችው። የሳመችውም ትዝ አላት፤ ያን ሁሉ ዓመት፣ ውዱእ አድርጋ፣ ነቀዝ ስትስም።

ታክሲ ይዛ ናኢማ ቤት ደረሰች። ናኢማ ፌስታሉ ውስጥ ያለውን ስታይ ሳትጠየቅ ተቀመጠች። ዘኪያ የባሰውን ድንጋጤ የደነገጠችው ያኔ ነው፤ ልጇ ታውቅ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ሳለች እናቷ ገበያ በሄደችበት መጽሐፉን ገልጣ አንብባዋለች። አባቷ ደርሶ ሲያያት አልተቆጣም። በረንዳ ላይ አስቀምጦ፣ እናትሽ ይህን ካወቀች ዓይኗን ማየት አልችልም ብሎ ለመናት። ከዚያ ጀምሮ የትምህርት ቤት ካርዷን እሷው ለአባቷ በጆሮው እያነበበችለት፣ እሱ ለእናቷ ጮክ ብሎ እያነበበ አደገች።

«አብራችሁ ሳቃችሁብኝ» አለች ዘኪያ።

«አልሳቅንም እማ» አለች ናኢማ። «እሱ ማታ ሲያወራልን እኔ ቅጠሉን ሳይሆን እሱን ነበር የማየው። ሁሉን ከሆዱ እንደሚያወጣው ካወቅሁ ወዲህ ይበልጥ ገረመኝ።»

ዘኪያ ፌስታሉን አንሥታ ሄደች።

ጠይብ ማምሻውን ሲገባ መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ በነጭ ጨርቁ ተጠቅልሎ። ሰገደ፣ መጥቶ ተቀመጠ። ዘኪያ ወደ እሱ ገፋ አደረገችለትና አንብብልኝ አለችው። እሱ የጨርቁን ቋጠሮ አየ። ልብስ ሰፊ ነው፤ የራሱን እጅ ቋጠሮ ከሌላ ሰው ቋጠሮ ይለያል። ቋጠሮውን አልፈታውም። መነጽሩን አውልቆ መጽሐፉ ላይ አስቀመጠው።

«ደረስሽበት» አለ።

ዘኪያ አለቅሳለሁ፣ እሰድበዋለሁ ብላ በመንገድ ላይ አስባ ነበር። አሁን ግን ከአፏ የወጣው ሌላ ነው።

«የእናቴስ ደብዳቤ?»

እናቷ ታማ በነበረ ጊዜ፣ ስልክ በየቤቱ ሳይገባ፣ ከአገር ቤት ደብዳቤ መጥቶ ነበር። ያነበበላት እሱ ነው። እናቷ ከመሞቷ በፊት ያስጻፈችው የመጨረሻ ቃሏ እዚያ ላይ ነበር፤ ዘኪያ እስከ ዛሬ በቃሏ ትለዋለች።

«ደብዳቤውን ሸማ ተራ ጎረቤቴ ሀምዳን ሱቅ ወስጄ አስነበብኩት» አለ ጠይብ። «ሦስቴ አስደግሜ፣ በቃሌ ይዤ መጣሁ። አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አንዲት ቃል አልቀነስኩም። ሀምዳን በሕይወት አለ፤ ሄደሽ ጠይቂው። ወላሂ ዘኪያ፣ በሱ አልቀለድኩም።»

እውነት እንደሆነ ከድምፁ አወቀች። ያን ዕለት ቀን ላይ ደብዳቤው ደርሶት አመሻሽቶ ነበር የገባው፤ ለምን ቆየህ ብላ ተቆጥታውም ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለምን ብላ ጠየቀችው። ለምን አልችልም አትለኝም፣ እኔ መች ችዬ።

ጠይብ ቀና ሳይል ነገራት። ሸማ ተራ የሸማኔ ተላላኪ ሆኖ ነው ያደገው፤ ትምህርት ቤት የሚባል ደጅ አልረገጠም። ሊያገባት ሽማግሌ በላከ ጊዜ፣ ልጅቷ ሀብታም ነጋዴ ጠይቋት እንቢ እንዳለች ሰማ። ወንድሞቿ ሲማሩ እሷ ከብት ጠባቂ ሆና ቀርታ ስለነበር፣ ማንበብ የሚችል ባል ካልሆነ አላገባም ብላለች። ሽማግሌዎቹ ያነባል ብለው ዋሹለት። እሱም ከሠርጉ በፊት ምናለሽ ተራ ወርዶ፣ ከተከመሩት መጻሕፍት ውስጥ ወፍራሙንና ሽፋኑ የሚያምረውን መርጦ ገዛ። የመጀመሪያውን ማታ ሲያወራላት ዓይኗ እንባ ሞላ። በማግሥቱ አልችልም ማለት አቃተው፤ ከዓመት በኋላ ደግሞ ጭራሽ አልሞከረውም።

ዘኪያ ያን ቃል መናገሯን ረስታው ነበር። ለአክስቷ እንደዋዛ ያለችው ነገር ነው። አሁን ሲነግራት ግን አገር ቤት ወፍጮ ቤት ደጅ ላይ የተናገረችበት ሰዓት ሳይቀር መጣባት። የውሸቱን ጫፍ ይዛ ስትጎትት የራሷ እጅ ላይ ደረሰች፤ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ታሪኮቹንስ ከየት አመጣሃቸው አለችው በመጨረሻ። የነቢያቱን ከመስጊድ፣ ሌላውን ደግሞ ሸማኔዎቹ እየሠሩ ሲያወጉ ሰምቶ እንደሆነ ነገራት። የፈታይዋን ግን ከማንም አልሰማም። እሱ ራሱ ነው የፈጠራት።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ዘኪያ ይቅር ማለቱ ቀላል መስሏት ነበር፤ አልሆነላትም። ብዙ ቀን በሚያስፈልገው ብቻ ነበር የምታናግረው። መኪናው ላይ ስትቀመጥ ስፌቱ ይጣመምባታል። እሱም ጠዋት መጥቶ አይተረትርላትም፤ ጠማማውን አይቶ ዝም ብሎ ይወጣል። ትምህርቷን አልተወችም። ቤት ውስጥ ሌላ መጽሐፍ ስላልነበረ በንዴት ያንኑ የነቀዝ መጽሐፍ እየተለማመደችበት ጨረሰችው፤ የሽሮ እህሏንም እንደተጻፈው ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጋ አስቀመጠች። ሸዋገነት ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ዘኪያም ከብዙ ጊዜ በኋላ የሳቀችው ያኔ ነው።

ሳቁ ሲወጣላት ምን እንደጎደላት አወቀች። ማታው ነው። ከመግሪብ በኋላ ሁለቱ ተፋጠው ይቀመጣሉ፤ ቴሌቪዥኑ ብቻውን ያወራል። አንድ ቀን ቴሌቪዥኑን አጠፋችና የፈታይዋን ንገረኝ አለችው። ጠይብ ሞከረ። ሴቲቱ ጥጥ ገዛች ብሎ ጀመረና ቆመ። እጁ ጭኑ ላይ ምን እንደሚይዝ አጥቶ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሠላሳ ዓመት መጽሐፍ ይዞ ያወራ ሰው፣ ባዶ እጁን አፉ እንቢ አለው። ጠፋብኝ ብሎ ተነሣ። ዘኪያ ያን ጊዜ አዘነችለት። እሱም ከእሷ ያላነሰ እንደደነገጠ አየች።

ረመዳን ሊገባ ሲል ለሰፈር ሴቶች የዒድ ቀሚስ ልትሰፋ ተቀብላ ነበር፤ ከአቅሟ በላይ ሆነባት። ጠርዙ በእጅ የሚሰፋ ብዙ ነው። ሳትለምነው ጠይብ አጠገቧ ተቀመጠና አንዱን ቀሚስ ጭኑ ላይ አድርጎ ጠርዙን ይሰፋ ጀመር። መርፌው ሲወጣና ሲገባ ቆየ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ እንደ ዋዛ፣ አንድ መስማት የተሳነው አህያ ነጂ ነበር አለ። ዘኪያ ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። የመኪናዋን እግር አቆመች። እሱ ጨርቁን እየሳበ ቀጠለ። እጁ ሥራ ይዞ ስለነበር አፉ ተፈታ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ እንዲህ ሆነ። እሷ በመኪና፣ እሱ በእጅ፣ እየሰፉ ያወራላታል። አንዳንዴ መሀል ላይ ይጠፋበትና እስቲ ቆይ፣ ገና አላሰብኩትም ይላል፤ ድሮ ቅጠል ይገልጥ የነበረው ለዚህ እንደሆነ ነገራት። ፊደል ላስተምርህ ብላው ነበር። ስሙን እስኪጽፍ ተማረና በቃኝ አለ። አልተጫነችውም። እሷ ከሩታ የተዋሰችውን መጽሐፍ ቀን ታነባለች፤ ማታው የእሱ ነው።

ልብስ ልታስለካ የመጣች ሴት ሁሉ ሳትሰማ የማትሄድ ሆነች። አንድ ምሽት ሸዋገነት የቀሚሷን ጠርዝ ልታይ መጥታ፣ የፈታይዋን ታሪክ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብላ አዳመጠች። ሲያልቅ ዓይኗን ጠረግ አድርጋ፣ ጋሼ ጠይብ ይህንን ከየትኛው መጽሐፍ ነው ያነበቡት አለችው። ጠይብ መርፌውን እንደያዘ ቀረ። ወደ ዘኪያ አየ።

«ከመጽሐፍ አይደለም» አለች ዘኪያ ክሩን በጥርሷ እየቆረጠች። «የራሱ ነው።»

ጠይብ አንገቱን ደፍቶ መስፋቱን ቀጠለ።